ከዋክብት መሐል የሚወርደው አመዳይ

በኅዳር ወር ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው አመዳይን ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ያመሻል። ሲነጋ ግን ሣሩ፣ የባቄላው ቅጠል፣ የአጥሩ ሽቦ ሳይቀር ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይገኛል። ሌሊቱን ዝናብ አልዘነበም፤ በረዶም አልጣለም። በአየሩ ውስጥ የነበረው የማይታይ የውሃ እንፋሎት የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ እዚያው ጠጥሮ ቀረ እንጂ። ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ሲል ደግሞ የነበረም አይመስል።

ለገበሬው አመዳይ ክፉ እንግዳ ነው፤ የደከመበትን ሰብል በአንድ ሌሊት ያበላሽበታል። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ አመዳይ ግን ከምድር እጅግ ርቆ፣ በከዋክብት መካከል ባለው ጨለማ ውስጥ፣ ከጢስ ብናኝ በማይበልጥ አቧራ ላይ የሚጋገር ነው። በዚያ አመዳይ ውስጥ አልኮል ይሠራል። ከስኳር ጋር የሚዛመዱ ሞለኪውሎች ይሠራሉ። የቤተ ሙከራ ሥራዎች እንደሚያሳዩት ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶችም ሊሠሩበት ይችላሉ። ሰውነታችን የቆመበት ኬሚስትሪ ምድር ሳትኖር፣ ፀሐይም ሳትወለድ የጀመረ ስለሆነ ታሪኩ የእኛም ታሪክ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። በገበያ «ኦርጋኒክ» ሲባል ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ የበቀለ ምርት ማለት ነው። በኬሚስትሪ ግን ኦርጋኒክ የሚባለው ካርቦንን መሠረት አድርጎ ከሃይድሮጅን፣ ብዙ ጊዜም ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር የተሳሰረ ሞለኪውል ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ከሕያው አካል ውጭ አይሠራም ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ቮለር በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ሕይወት ከሌለው ጨው ሠርቶ ያን እምነት አናጋው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀዳዳ የመሰለው ደመና

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማ መብራት ርቆ ወደ ላይ ያየ ሰው ፍኖተ ሐሊብ የሚባለውን ወተት የመሰለ የከዋክብት መንገድ ያገኛል። መንገዱ ግን ወጥ አይደለም። በመሐሉ ጥላሸት የተቀባ የሚመስል ጨለማ አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊልያም ኸርሸል እንዲህ ያለውን ጨለማ ከዋክብት የሌሉበት የሰማይ ቀዳዳ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ኋላ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ባርናርድ እነዚህን ጨለማዎች በፎቶግራፍ እያነሣ ዘረዘራቸው፤ ቀስ በቀስም ከኋላቸው ያለውን ብርሃን የሚጋርዱ ደመናዎች መሆናቸው ታወቀ።

ከነዚህ አንዱ ባርናርድ 68 ይባላል። ከእኛ 500 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ስፋቱም ግማሽ የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በመሐሉ ያለው ሙቀት ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው። ከዚህ ወርዶ በ10 ዲግሪ ብቻ ቢቀዘቅዝ በተፈጥሮ ሊደረስ የማይችለው የመጨረሻው ብርድ ላይ ይደርስ ነበር።

ደመና ስንል የክረምቱን ደመና እንዳታስቡ። በምንተነፍሰው አየር በአንዲት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በስኳር ኩብ በምታህል ቦታ፣ ከ20 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ሞለኪውሎች አሉ። በነዚያ የጠፈር ደመናዎች ውስጥ በዚያችው ቦታ የሚገኙት ከአሥር ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ብቻ ናቸው። ታዲያ ይህን ያህል የሳሳ ነገር ብርሃን የሚጋርደው በስፋቱ እና በያዘው አቧራ ነው።

አቧራው ከጠቅላላው ክብደት አንድ በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። የሚመጣው ካረጁና ከሚሞቱ ከዋክብት ነው፤ ከምድጃ የወጣ ጢስ ጣራው ላይ ጥላሸት እንደሚሆን፣ ከኮከቡ የወጣው ትኩስ ጋዝ እየራቀ ሲቀዘቅዝ ወደ ድንጋይና ወደ ካርቦን ብናኝ ይለወጣል። የአንዷን ቅንጣት መጠን ለማሰብ አንዲት ጤፍ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ። ከጤፏ ጫፍ እስከ ጫፍ እነዚህን ቅንጣቶች በአንድ መስመር ብትደረድሩ አሥር ሺህ ያህል ይገባሉ።

የአቧራው ውለታ

በእንዲህ ያለ ብርድና በእንዲህ ያለ ሰፊ ባዶነት ውስጥ ኬሚስትሪ ሊኖር የቻለው በዚያች ቅንጣት ምክንያት ነው። ውለታዋም ሦስት ነው።

የመጀመሪያው መገናኛ መሆኗ ነው። በባዶው ውስጥ የሚንከራተቱ አቶሞች እርስ በርስ የሚጋጠሙት አልፎ አልፎ ነው። ቅንጣቷ ላይ ያረፈ አቶም ግን በብርዱ ምክንያት ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም እዚያው ያገኘዋል። የገጠር ገበያ ከየመንደሩ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ሜዳ እንደሚያገናኝ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉልበት መቀበሏ ነው፤ ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ሁለት አቶሞች ሲተሳሰሩ ጉልበት ይወጣል። ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች በባዶ ቦታ ቢጋጠሙ ያን ጉልበት የሚሰጡት አካል የለም፤ ስለዚህ ጉልበቱ ራሳቸውን መልሶ ይለያያቸዋል። በቅንጣቷ ላይ ሲገናኙ ግን እሷ እንደ ሽማግሌ በመካከላቸው ሆና ትርፉን ጉልበት ትቀበላለች፤ ትስስሩም ይጸናል። በጽንፈ ዓለሙ ከሁሉ በላይ በብዛት የሚገኘው ሞለኪውል፣ ሁለት አቶም ያለው ሃይድሮጅን፣ ዛሬ በዋነኛነት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ጥላ መሆኗ ነው። ከከዋክብት የሚመጣው ኃይለኛ አልትራቫዮሌት ጨረር ሞለኪውልን ይበጣጥሳል። ቅንጣቶቹ ተባብረው ያን ጨረር ስለሚከለክሉት በደመናው ውስጥ የተሠራው ነገር ዕድሜ ያገኛል።

በቀን አንድ አቶም

አሁን አንዲት ቅንጣት ላይ ቁጭ ብለን እንመልከት። ብርዱ የጸና ነው፤ ጨለማው ድቅድቅ ነው። በዚህች ቅንጣት ላይ የሃይድሮጅን አቶም የሚያርፈው በቀን አንዴ ገደማ ነው። ዛሬ አንድ የኦክስጅን አቶም መጣና ተጣበቀ እንበል። ኦክስጅን ከባድ ስለሆነ በዚህ ብርድ ካረፈበት ብዙም አይንቀሳቀስም። ሃይድሮጅን ግን ከአቶሞች ሁሉ ቀላሉ ነውና ከቦታ ቦታ እየዘለለ ይዞራል። ሲዞር ኦክስጅኑን ያገኘዋል፤ ይተሳሰራሉ። ሌላ ሃይድሮጅን ይመጣና ይደርባል። ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፤ ውሃ ሆነ።

የደብረ ብርሃኑና የጠፈሩ አመዳይ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን ውሃው አስቀድሞ በአየር ውስጥ አለ፤ ቅጠሉ ላይ የሚሆነው መጠጠር ብቻ ነው። በጠፈር ግን ውሃው ራሱ አብዛኛው የሚሠራው ቅንጣቷ ላይ ነው። ቅንጣቷ ማረፊያም ፋብሪካም ናት። በዚሁ መንገድ ናይትሮጅን ሦስት ሃይድሮጅን ይዞ አሞኒያ ይሆናል፤ ካርቦን አራት ይዞ ሚቴን ይሆናል።

ጊዜ እየሄደ ደመናው ሲጠብቅ፣ እንደ ምድሩ አመዳይ ከጋዝ በቀጥታ የሚጠጥርም ይመጣል። እሱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ250 ዲግሪ ሲያልፍ በውሃው በረዶ ላይ ይጋገራል። በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ቅንጣቷ መቶ የሞለኪውል ድርብ ያህል ውፍረት ያለው በረዶ ትለብሳለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያገኝም።

ዳገቱን ሳይወጡ መሻገር

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ሃይድሮጅን ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ለመተሳሰር መጀመሪያ የሚሻገረው የጉልበት ዳገት አለበት። ምድር ላይ እንዲህ ያለውን ዳገት የምናሻግረው በማሞቅ ነው፤ ምግብ እሳት ላይ የምንጥደውም ለዚሁ ነው። ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ላይ ግን ያን ዳገት የሚያስወጣ ሙቀት የለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ጣርማ በርን ያስታውሳል። መኪናው ተራራውን እስከ ጫፉ አይወጣም፤ በመሿለኪያው ገብቶ በወዲያኛው በኩል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሃይድሮጅንም በኳንተም ሕግ እንዲሁ ያደርጋል። ልዩነቱ በአቶሙ መንገድ ላይ የተቆፈረ ቀዳዳ አለመኖሩ ነው። እንደ ሃይድሮጅን ያለ እጅግ ቀላል ቅንጣት ዳገቱን የሚያስወጣ ጉልበት ባይኖረውም ከማዶ የመገኘት ትንሽ ዕድል አለው። ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለሚቆዩ ሙከራው ይደጋገማል፤ ከተደጋገመም ይሳካል።

በዚህ መንገድ ሁለት ሃይድሮጅን ሲጨመሩ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ፎርማልዴሃይድ ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንስሳት ተዘፍዝፈው የሚቀመጡበት ፎርማሊን የሚሠራበት ነገር ነው። ሁለት ሲደገሙለት ደግሞ ሜታኖል የሚባለው መርዛም አልኮል ይሆናል። በጃፓን የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናኦኪ ዋታናቤ እና አኪራ ኩቺ በ2002 ይህን ሰንሰለት በቤተ ሙከራ አሳይተዋል፤ በቀዘቀዘ በረዶ ላይ የሃይድሮጅን አቶሞች ሲያርፉ ፎርማልዴሃይድና ሜታኖል ተሠርተው ተገኙ። በእንዲህ ያለ ብርድ ሜታኖልን በጋዝ ውስጥ ብቻ በበቂ መጠን መሥራት አይቻልም። ስለዚህ በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ሜታኖል ማግኘት የአቧራውን ሥራ አሻራ ማግኘት ማለት ነው።

ብርሃንና ሙቀት ሲደርስ

ከሜታኖል በኋላ መንገዱ ይበዛል። ጥላው የቱንም ያህል ቢወፍር ኮስሚክ ጨረር የሚባሉት ፈጣን ቅንጣቶች ደመናውን ሰንጥቀው ይገባሉ፤ ሲገቡም ከጋዙ ውስጥ ደካማ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያስነሣሉ። ይህ ብርሃን በረዶው ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች አንዳንድ ትስስራቸውን ይበጥሳል። የተረፈው ቁራጭ ራዲካል ይባላል፤ አንድ እጁ ባዶ የቀረ፣ የሚይዘውን የሚፈልግ ነገር ነው።

በብርዱ ውስጥ እነዚህ ቁራጮች ባሉበት ታስረው ይቆያሉ። ኋላ የደመናው መሐል በራሱ ክብደት ተሰብስቦ ኮከብ መወለድ ሲጀምር ዙሪያው ቀስ እያለ ይሞቃል። ያኔ የታሰሩት ይንቀሳቀሳሉ፤ እርስ በርስም ይያያዛሉ። ከነሱም ኢታኖል ይወጣል፤ በጠላና በአረቄ ውስጥ ያለው ራሱ አልኮል። አሴታልዴሃይድ ይወጣል። ከስኳር ቤተሰብ ትንሹ ዘመድ ሊባል የሚችለው ግላይኮላልዴሃይድም ይወጣል። በኔዘርላንድስ የላይደን ቤተ ሙከራ የተሠሩ አዳዲስ ሙከራዎች ደግሞ ከነዚህ አንዳንዶቹ ሙቀትም ጨረርም ሳያስፈልጋቸው እዚያው ብርድ ላይ፣ አቶም በአቶም ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከአሚኖ አሲዶች ትንሹ የሆነው ግላይሲንም በዚሁ መንገድ ተሠርቷል።

ላይደን የዚህ ትምህርት አንጋፋ ቤት ነው። በ1940ዎቹ ሄንድሪክ ቫን ደ ሁልስት አቧራው በረዶ ይለብሳል የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ከዚያው አገር ነው፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ማዮ ግሪንበርግ የጠፈሩን በረዶ በቤተ ሙከራ መሥራት ጀመረ። አሠራሩን በዓይነ ሕሊና መከተል ይቻላል። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የተመጠጠ የብረት ዕቃ አለ። በመሐሉ እጅግ የቀዘቀዘ ትንሽ መስኮት ተሰቅሏል። ውሃ፣ ሜታኖል፣ አሞኒያና ካርቦን ሞኖክሳይድ በጋዝ መልክ በቀጭን ቱቦ ይለቀቃሉ፤ መስኮቱን ሲነኩ ይጋገራሉ። የአልትራቫዮሌት መብራት ይበራባቸዋል። ከዚያ ቀስ ተብሎ ይሞቃል። በረዶው ተኖ ሲያልቅ መስኮቱ ላይ ቢጫ የመሰለ ስስ ዝቃጭ ይቀራል።

በ2002 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በአሜሪካ የናሳ ኤምስ ማዕከል፣ ሌላው በአውሮፓ፣ እንዲህ ያለውን ዝቃጭ በአሲድ አሙቀው ሲመረምሩት አሚኖ አሲዶች አገኙበት። የአውሮፓው ቡድን 16 ዓይነት ቆጠረ። በ2016 ደግሞ በፈረንሳይ የተሠራ ተመሳሳይ ሙከራ ራይቦስን አስገኘ፤ አርኤንኤ የተሠራበትን ስኳር።

እንዴት አወቅን?

ቤተ ሙከራ የሚያሳየው ሊሆን የሚችለውን ነው። የሆነውን ለማወቅ ወደ ሰማይ መመልከት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሁለት መንገድ አለ።

ሞለኪውሉ ከበረዶው ተኖ ጋዝ ከሆነ ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከርም የራሱ የሆነ የሬዲዮ ሞገድ ይሰጣል። ሬዲዮ ጣቢያን በሞገዱ እንደምንለይ ሞለኪውሉንም እንለየዋለን። በ1969 ፎርማልዴሃይድ የታወቀው በዚህ ነው፤ በ1975 ኢታኖል ተከተለ። እስከ ዛሬ በከዋክብት መካከል ከ300 በላይ ሞለኪውሎች ተለይተዋል። በ2012 በቺሊ የአታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከለው አልማ የተባለ የቴሌስኮፖች ስብስብ፣ ፀሐይን በሚመስል ገና በሚወለድ ኮከብ ዙሪያ ግላይኮላልዴሃይድን አገኘ። ኮከቡ ሞቆ በረዶውን ሲያተንነው ለዘመናት የተጠራቀመው ሥራ በአንድ ጊዜ ይገለጣል።

በረዶ ውስጥ የታሰረ ሞለኪውል ግን አይሽከረከርም። እሱን ለማየት ከደመናው ኋላ ያለ ኮከብ ያስፈልጋል። የኮከቡ ኢንፍራሬድ ብርሃን በደመናው ሲያልፍ እያንዳንዱ የበረዶ ዓይነት የራሱን ድርሻ ይቀንስለታል፤ የጎደለው የትኛው እንደሆነ አይቶ ማን እንደወሰደው ማወቅ ይቻላል። በታኅሣሥ 2021 የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም። በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት ካሚሊየን 1 በተባለ ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ የውሃ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የአሞኒያ፣ የሚቴንና የሜታኖል በረዶ ለየ። በ2024 ደግሞ በሚወለዱ ከዋክብት ዙሪያ ባለው በረዶ ውስጥ ኢታኖልንና አሴታልዴሃይድን አሳየ። በቤተ ሙከራ የተገመተው በሰማይ ተገኘ።

ከደመናው እስከ እጃችን

ኮከብ ሲወለድ ከተረፈው አቧራና በረዶ ዓለማት፣ አስትሮይዶችና ጅራታም ከዋክብት ይሠራሉ። በ1969 መስከረም ላይ በአውስትራሊያ መርቺሰን ከተማ አጠገብ የወደቀው ሜትሮይት ሲመረመር ከ70 በላይ ዓይነት አሚኖ አሲዶች ተገኙበት። ብዙዎቹ ምድራዊ ሕይወት የማይጠቀምባቸው ስለሆኑ ከመሬት የተበከለ ነው ማለት አይቻልም። የአውሮፓዋ ሮዜታ መንኩራኩር ከ2014 ጀምሮ የተከተለችው ጅራታም ኮከብ ዙሪያ ግላይሲንና ፎስፈረስ ተገኝተዋል። በመስከረም 2023 ከቤኑ አስትሮይድ ወደ ምድር የመጣው 121.6 ግራም አፈር፣ በጥር 2025 ይፋ በሆነው ውጤት፣ ሕይወት ከምትጠቀምባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱን፣ በዲኤንኤና በአርኤንኤ ውስጥ ያሉትን አምስቱንም የዘር ፊደላት ይዞ ተገኘ። እነዚህ ሁሉ በደመናው ውስጥ አልቀው የመጡ አይደሉም፤ በአስትሮይዱ ሆድ በረዶው ሲቀልጥ ኬሚስትሪው እዚያም ቀጥሏል። የተነሣው ግን ከዚያው ከጥንቱ አመዳይ ነው።

እርሾው ገና ነው

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው ሕይወት ከሰማይ መጣች» ብሎ የሚቸኩል አለ። አትቸኩሉ። የጤፍ ዱቄትና ውሃ ቤት ውስጥ ስላለ እንጀራ አለ አይባልም፤ እርሾ አለ፣ ማቡካት አለ፣ ምጣድ አለ። አሚኖ አሲድም ሕይወት አይደለም። ሞለኪውሎቹ እንዴት ተሰባስበው ራሱን የሚያባዛ ነገር እንደሆኑ ገና በምርምር ላይ ያለ ጥያቄ ነው። የተረጋገጠው ዱቄቱና ውሃው በጽንፈ ዓለሙ ውስጥ ብርቅ አለመሆናቸው ነው። ከዋክብት በሚወለዱባቸው ደመናዎች ሁሉ ያው አቧራ፣ ያው ብርድ፣ ያው ሃይድሮጅን አለ፤ ስለዚህ ያው ሥራ ይሠራል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከመብራት ራቅ በሉና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተመልከቱ። በኮከብ ቆጠራችን ቀውስ በሚባለው ስፍራ ፍኖተ ሐሊብ ይደምቃል፤ በመሐሉም ጥቁሩ መስመር ይታያል። ልጆቹ ብሩሆቹን ከዋክብት ሲቆጥሩ እናንተ ጨለማውን አሳዩአቸው። ባዶ እንዳልሆነ ንገሯቸው። በውስጡ ከጤፍ አሥር ሺህ ጊዜ የሚያንሱ ቅንጣቶች በረዶ ለብሰው፣ በቀን አንድ አቶም እየተቀበሉ፣ ውሃና አልኮል እየሠሩ ነው። ፀሐይ ከመወለዷ በፊትም፣ ከ4.6 ቢሊዮን ዓመታት በፊት፣ ይኸው ሥራ ይሠራ ነበር።